ቀልቧ የት ሄደ?

ጠጋ በሉ፤ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም።

መልካ ጀብዱ፣ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት አሰልጣኝ ነኝ። በየትኛው ሼድ እንደምሠራ አልናገርም፤ እንጀራዬ ነው። ስለ ፓርኩ በዜና የምትሰሙት ሌላ ነው፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና መባሉን፣ የጅቡቲው ባቡር ቅርብ መሆኑን፣ ስለ ኮንቴይነሩ፣ ስለ ቀረጡ። እኔ ሹክ የምላችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ነው።

የማስጠንቀቂያ ወረቀት ናት። ስም፣ ጥፋት፣ ምክንያት የሚሉ ሦስት ባዶ ቦታዎች አሏት። «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት ለዓመታት የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ ቸልተኝነት። ይኼ የወረቀት አማርኛ ነው። በአፋችን የምንለው «ቀልቧ የለም» ነው። ታርጌት ሲጎድል ቀልቧ የለም፤ ኮሌታ ተገልብጦ ሲሰፋ ቀልቧ የለም፤ መርፌ ጣት ሲወጋ ቀልቧ የለም። ቀልቧ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ለዚያውም ዲግሪዬ ሥነ ልቦና ነው። ስለ አንጎልና ስለ አእምሮ የተማርኩበትን ደብተር ሥራ የያዝኩ ሰሞን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ረሳሁት። ሳጥኑን ያስከፈተችኝ አንዲት ሠራተኛ ናት። እሷ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ እጅ ልንገራችሁ።

እጅ ሲማር

አዲስ ሠልጣኝ የስፌት መኪና ፊት የምትቀመጠው ምላሷን ነክሳ፣ ትከሻዋን ሰቅላ ነው። እግሯ ፔዳሉን ሲያስታውስ እጇ ጨርቁን ይረሳል፤ እጇ ጨርቁን ሲይዝ እግሯ ይጠፋባታል። በዚያ ሰዓት ስሟን ብትጠሩ አትሰማም። ከጥቂት ወራት በኋላ ያቺው ልጅ ስለ እህቷ ሠርግ እያወራች እጅጌ ትገጥማለች። «እጇ ለመደ» እንላለን። ሐቁን ከጠየቃችሁኝ እጇ ያው ነው፤ የተለወጠው አንጎሏ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራውን የሚመራው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። እሱ አለቃ ነው፤ ያቅዳል፣ ይመርጣል፣ ስህተት ይይዛል። ግን ቀርፋፋ ነው፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ሁለት ከባድ ጉዳይ አንድ ላይ መያዝ አይሆንለትም። ልምምዱ ሲደጋገም ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ይተላለፋል፤ አንጎል መሐል ተቀብረው ወዳሉት ቤዛል ጋንግሊያ ወደሚባሉት የነርቭ ጉብታዎችና ከማጅራት በላይ ወዳለው ትንሹ አንጎል፣ ወደ ሴሬቤለም። እነዚህ ወሬ አያውቁም፤ ይሠራሉ። ጎበዟን ሰፊ «እንዴት ነው የምታደርጊው?» ብትሏት ግራ የሚገባት ለዚህ ነው፤ የጠየቃችሁት ሥራውን የማይሠራውን አለቃ ነው። እንግዳ ከጀርባዋ ሲቆም ለወራት ያልሳተችውን ስፌት የምትስተውም ለዚሁ ነው፤ አለቃው ደንግጦ ከሠራተኞቹ እጅ ሥራውን ይነጥቃል።

አሰልጣኞች በመካከላችን የምናወራው አንድ ነገር አለ። ደክሟት ያመሸችን ልጅ አዲስ ስፌት ብታስተምሯት ጠዋት ባዶ ሆና ትመጣለች። ጥቂት አሳይታችሁ፣ አስተኝታችሁ ብታመጧት ትናንት እንቢ ያላት ኩርባ ዛሬ እሺ ይላታል። እንቅልፍ ለአንጎል ሥራ ፈትነት አይደለም፤ ቀን የተማረውን የሚያጸናበት ሺፍት ነው።

ድሬ ላይ ሥልጠና የተጀመረው ደግሞ በእኛ አይደለም። ከከተማችን አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ኦከር የሚባል የቀለም ድንጋይ ከ4000 ቁራጭ በላይ፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል ተገኝቷል። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች ፈጭተው፣ ፍቀው ቀለም ያወጡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውን ጥናት ሳነብ የገረመኝ ቀለሙ አይደለም፤ አሠራሩ ብዙም ሳይለወጥ ለሺህ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ነው። አንዷ ከልጇ ጎን ተቀምጣ «እንዲህ አይደለም፣ አምጪው» ያለችበት ቀን መኖር አለበት። ለእኔ የድሬ የመጀመሪያው የሥልጠና ሼድ ያ ዋሻ ነው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን

ይኼኛውን ከድሬ ሰው በቀር ማንም አይነግራችሁም። ቀትር ላይ ከዚራም መጋላም ፀጥ ይላሉ። ሙቀቱ አንድ ነገር ነው፤ ጫቱ ሌላ ነው። ሼድ ውስጥ አይቃምም፤ አንጎል ግን ደንብ አያነብም። በየቀኑ በርጫ መቀመጥ የለመደ የጭነት ሠራተኛ ሰባት ሰዓት ሲሆን ያዛጋል፣ ዓይኑ ውኃ ያቀርራል፣ ካርቶኑን ከማስቀመጥ ይልቅ ይወረውረዋል። ሀራራ ነው። ሰዓት ሳያይ ሰዓቱን ያውቀዋል።

የጫት ዋናው ቅመም ካቲኖን ይባላል፤ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ የሚነሣው መኪና ነፍሰ ጡር የጫነ ይመስል የሚበረው ለዚህ ነው፤ ሹፌሩን የሚነዳው ኬሚስትሪ ነው። ካቲኖን አንጎል ሲደርስ ነርቮች ያከማቹትን ዶፓሚን ያስለቅቃቸዋል። ዶፓሚንን «የደስታ ቅመም» ይሉታል፤ ግማሽ እውነት ነው። ዋና ሥራው «ይኼ ይጠቅማል፤ ያዘው፤ ነገም ተመለስ» ብሎ ማኅተም ማድረግ ነው። በሰባት ሰዓት ተደጋግሞ ከታተመ ሰባት ሰዓት ራሱ መጥሪያ ይሆናል።

ከዚያ ምርቃናው ይመጣል። በምርቃና ፎቅ ያልሠራ፣ ባጃጁን ወደ አይሱዙ ያላሳደገ ማን አለ? ማታ ደግሞ ዱካክ ይተካል። ጣሪያው ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ዕዳው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። አቦ፣ እስኪ አስቡት! ያው ሰው፣ ያው ቤት፣ ያው ዕዳ ነው። በአሥር ሰዓትና በሌሊቱ መካከል የተለወጠው በነርቭና በነርቭ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ያለው የኬሚካል መጠን ነው። ታዲያ ተስፋው የማን ነበር? ጭንቀቱስ የማን ነው? ዩኒቨርሲቲ የአእምሮና የአንጎል ግንኙነት ብለው የሚያስተምሩትን ድሬ መደብ ላይ ትራስ ተደግፎ ይፈተንበታል። ሰኞ ጠዋት «ስንፍና» ብለን የምንጽፈውም ብዙ ጊዜ የእሑድ ዱካክ ነው።

የማይቅሙትም ከሰዓት አያመልጡም። ከሁለቱ ዓይኖች ጀርባ፣ አንጎል ሥር 20 ሺህ ያህል ሕዋሶችን የያዘች ነጥብ አለች፤ ብርሃንን እየተከተለች የሰውነትን ሰዓት የምትሞላ እሷ ናት። የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ሰው ከእሷ ጋር ይጣላል። ከሌሊቱ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ላይ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ ዓይን ክፍት ሆኖ አንጎል ያንቀላፋል፣ የተበላሸ ሸሚዝ የሚከመረውም ያኔ ነው። የሐረር ቡና ቢሆን እንኳ አይፈታውም። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ድካምን የሚያሰማንም እሱ ነው። ካፌይን መቀመጫውን ይይዝበታል እንጂ አያስወጣውም። ዕዳው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ክብሪት!

ወደ ልጅቷ ልምጣ። ይኼን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟ ግን ከእኔ ጋር ይቀራል።

ኮሌታ ነበር የምትሰፋው፤ እጇ የጠራ። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ግን ድንገት ቆም ትላለች። ዓይኗ ፊት ለፊት ፈጥጦ ይቀራል። ከንፈሯ እንደሚያኝክ ሰው ይንቀሳቀሳል። አንደኛው እጇ የጨርቁን ጠርዝ ይቆነጥራል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይቆነጥራል። ብትጠሯት አትመልስም። ደቂቃ ያህል ቆይታ ትነቃና፣ ቤቱ እንደጠፋበት ሰው መርፌውን ትፈልጋለች። በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ «በሥራ ሰዓት ማስቲካ ስታኝክ» ብዬ ጻፍኩ። ማስቲካውን አላየሁትም፤ ከንፈሯን ነው ያየሁት። በሁለተኛው ላይ ያችን የለመድኳትን ቃል ጻፍኩ፦ ቸልተኝነት።

ሦስተኛው ሳይጻፍ ወደቀች። ሌሊት ሠርታ፣ ቀን ሳትተኛ፣ እንደገና ሌሊት ገብታ ነበር። አንዴ ጮኸች፣ ገላዋ ደረቀ፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ጀመረ። ሼዱ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» አለ አንዱ። ሌላዋ በልጅቷ ጥርሶች መካከል ማንኪያ ልትከት ትታገላለች። ክብሪቱን የጫረውን እጅ ያዝኩት። ደብተሬ ላይ የነበረው መስመር በመስመር መጣልኝ፦ መቀሱንና ወንበሩን አርቁ፤ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ሰዓት ያዙ፤ ሲረጋጋ በጎኗ አስተኟት፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ሩጡ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። ክብሪቱን የጫረው ሰው እስከ ዛሬ ይቆጨዋል፤ ቢያሸታት ኖሮ ምስጋናው የእሱ ነበር። የክብሪት ምሥጢር ይኼው ነው። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ ስም የሚያወጣው ክብሪት ነው።

ሐኪሙ ከመውደቋ ይልቅ ስለ መፍዘዟ ደጋግሞ ጠየቀን። ከንፈሯን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩን እንዲህ አስረዳን። አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ሕዋሶች አሉ፤ እየተደማመጡ በኤሌክትሪክ ምልክት ይነጋገራሉ። በሚጥል በሽታ ጊዜ የአንድ ሰፈር ሕዋሶች መደማመጡን ትተው አንድ ላይ ይጮኻሉ። ጩኸቱ ከጆሮ በላይ ባለው ቴምፖራል በሚባለው ክፍል ከቀረ ሰው አይወድቅም፤ ዓይኑ ይፈጣል፣ ከንፈሩ ያኝካል፣ እጁ ይቆነጥራል፣ በኋላም አያስታውሰውም። ጩኸቱ አንጎሉን በሙሉ ካዳረሰ ያን ጊዜ ይወድቃል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ከዋነኞቹ ቀስቃሾች አንዱ ነው። ጣቱን ከጆሮዋ በላይ አስቀምጦ «ከዚህ ነው የሚነሣው» አለ።

ለዓመታት ሳንጠይቀው የኖርነው ጥያቄ በአንድ ጣት ተመለሰ። ቀልቧ የሄደው እዚያ ነው፤ እኔ ሁለት ወረቀት የጻፍኩበት ቦታ።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ቤት ለቤት ካጠኑት አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ከባልደረቦቻቸው ጋር በመስቃንና ማረቆ ገጠሮች ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አዳርሰው ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ። ከታማሚዎቹ መካከል ተገቢውን መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በወጉ ቢታከሙ ከ100 ታማሚ 70 ያህሉ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። እኔ ይኼን ቁጥር ይዤ ምሳ ሰዓት ካፌ በር ላይ ቆሜያለሁ። 1000 ሰው ሲገባ 5ቱን በዓይኔ ፈለግሁ፤ አይታወቁም።

ሁለት ሰዎች

ደብተሬን ከሳጥኑ ሳወጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሄንሪ ሞላይሰንን ነው። በሽታው የልጅቷ በሽታ ነበር፣ የከፋ ግን። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ከአንጎሉ በሁለቱም በኩል ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል አብዛኛውን አወጡለት። መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ አዲስ ትዝታ መያዝ ግን ቀረ። አሁን ያነጋገረውን ሰው ከደቂቃዎች በኋላ አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ እንዲሥል አደረገችው። በማግሥቱ ሥሎ እንደሚያውቅ አያስታውስም፤ እጁ ግን ከትናንቱ ይሻል ነበር። እንግዲህ ማስታወስና መልመድ ሁለት ሼዶች ናቸው፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይሠራል። በእጅጌዋ ሠልጣኝ ላይ ያየነው ሽግግር እዚህ ሰው ላይ ተለያይቶ ታየ።

ሁለተኛው የባቡር ሰው ነው፤ ድሬ የባቡር ልጅ ናትና ይመለከታታል። ፊኒያስ ጌጅ በአሜሪካ ቨርሞንት የባቡር መንገድ ሥራ ፎርማን ነበር። በሴፕቴምበር 1848 እ.ኤ.አ. ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበትና ከ1 ሜትር የሚረዝም፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም፤ ብዙም ሳይቆይ ተናገረ። ሐኪሙ ጆን ሃርሎ እንደመዘገበው ግን ያ ጨዋና ሥራ አዋቂ ሰው ተሳዳቢ፣ ያቀደውን የማይጨርስ ሆነ፤ ጓደኞቹም «ይኼ ጌጅ አይደለም» አሉ። አሠሪዎቹም ወደ ቦታው አልመለሱትም። በእኛ ወረቀት ቢሆን «ምክንያት» ላይ «የሥነ ምግባር ጉድለት» ተብሎ ይጻፍለት ነበር።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ያቆማሉ። ተከታዩን እኔ ሹክ ልበላችሁ። ጌጅ ኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኞች ሠረገላ ነድቷል። በሰዓቱ መነሣት፣ ፈረሶቹን ማዘጋጀት፣ ያንኑ መንገድ መያዝ። ዛሬ ያሉ ተመራማሪዎች ሥርዓት የያዘው ሥራ ራሱ ሳያቃናው አልቀረም ይላሉ፤ በግንባሩ ውስጥ የጎደለውን አለቃ ከውጭ ያገኘው ይመስላል። ሰዓትና ሥርዓት የምንሰጠው እኛ አሠሪዎች ነንና ይኼ ለእኛ ቀላል ወሬ አይደለም። ሺፍት አንጎልን ሊያፈርስ ይችላል፤ ሊደግፍም ይችላል።

ልብ፣ ቀልብ፣ አእምሮ

አማርኛችን አንጎልን ብዙም አያምነውም። የምናስበው በልብ ነው፤ ልብ በል እንላለን፣ ልብ ገዛ እንላለን። የምናዝነው በሆድ ነው። ቀልብ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን እዚያ ትርጉሙ ልብ ነው። ዲግሪዬም ላይ የተጻፈው ሥነ ልቦና ነው። አእምሮ ግን «አእመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ዐወቀ ማለት ነው። ከዕቃ ሳይሆን ከሥራ የተወለደ ስም ነው፣ እኔም የምስማማው ከእሱ ጋር ነው። መኪናውን ብትፈቱት ውስጡ ስፌት አታገኙም፤ ስፌት የሚኖረው መኪናው ሲሠራ ነው። አእምሮም አንጎል ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ አይደለም፤ አንጎል ሲሠራ የሚኖር ነው።

ይኼ ሁሉን ፈታ ማለት አይደለም። የነርቭ ኤሌክትሪክ እንዴት ናፍቆት እንደሚሆን ያስረዳ የለም፤ ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1995 «ከባዱ ችግር» ያለው ይኼንኑ ነው። የነፍስን ነገር ለሼኩና ለቄሱ ትቻለሁ። እኔ የያዝኩት ትንሹን ነው፦ አንጎል ሲነካ አእምሮ ይነካል፤ ሲደገፍም ይደገፋል።

ደግሞ አዳራሽ ተከራይተው «ከአንጎላችሁ የምትጠቀሙት 10 ከመቶውን ብቻ ነው፤ ቀሪውን እኛ እንከፍትላችኋለን» የሚሏችሁን አትስሟቸው። አንጎል 1.4 ኪሎ ያህል ሆኖ የሰውነትን ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ይበላል። ሥራ ለፈታ 90 ከመቶ ማንም አካል ቀለብ አይሰፍርም። ልጅቷን ደግሞ አንድ ትንሽ ሰፈር ብቻ ሲታወክባት ቀልቧ በሙሉ ሲሄድ አይተናል። ትርፍ ክፍል የለም።

ልጅቷ አሁን መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ሌሊት አትገባም፣ ኮሌታዋን ትሰፋለች። ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ከፋይሏ እንዲወጡ አመልክቼ አንዱ ወጥቷል፤ ሁለተኛው ገና ፊርማ ይጠብቃል። እኔም «ምክንያት» ላይ ከመጻፌ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ስንት ሰዓት ተኛሽ? ምን በላሽ? እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ? ሦስቱን ለመጠየቅ አንድ ቦቢን ለመቀየር የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አይፈጅም።

ሱፐርቫይዘሮች፣ የላይን መሪዎች፣ የሰው ኃይል ሰዎች፦ ሰው ሲወድቅ ክብሪት አትጫሩ፤ ሰው ሲፈዝ እስክርቢቶ አታንሡ። መጀመሪያ ጠይቁ።